ዶልፊን 5ኤል፦ ጠዋት ደህና ናት፣ ስትሞቅ በሦስት ሲሊንደር ትሰራለች

ዴራ መስመር (አዳማ)

ሰላም ለሁላችሁ። አዳማ–አሰላ የምሰራ ሹፌር ነኝ። መኪናዋ ዶልፊን (የቶዮታ ሚኒባስ) ናት፣ ሞተሯ 5ኤል የሚባለው ናፍጣ ነው፣ ቱርቦ የለውም። ግራ ስለገባኝ ነው የምጽፈው፣ ለርዝመቱ ይቅርታ።

ጠዋት በአንድ ቁልፍ ትነሳለች። ጭስ የለም፣ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳልረግጥ) ቀጥ ብላ ትሰራለች። ሰው ሞልቼ ዴራን አልፌ ዳገቱን ይዤ ኢተያ አካባቢ ስደርስ ጉልበቷ እየቀነሰ ይመጣል፣ አሰላ መናኸሪያ ገብቼ ስቆም ደግሞ መላ አካሏ ይንቀጠቀጣል፣ መስታወቱ ሳይቀር ይርገፈገፋል፣ ከኋላ ነጣ ያለ ጭስ ትለቃለች፣ ሽታው ዓይን የሚያቃጥል ያልነደደ ናፍጣ ነው። ነዳጅ ስረግጥ ትስተካከላለች። ስለቅ እንደገና ዱብ ዱብ ትላለች። ስመለስ ቁልቁለት ስለሆነ አዳማ እስክደርስ ግማሹ ይጠፋል። አድራ ጠዋት ስትነሳ ምንም እንዳልነካት ናት።

እስካሁን የተሰራው ይሄ ነው፦ የአራቱም ኖዝል (ናፍጣውን ሲሊንደር ውስጥ የሚረጨው) ጫፍ በአዲስ ተቀይሮ ግፊታቸው ተለክቷል፣ የናፍጣ ፊልትሮም ተቀይሯል። ለውጥ የለም። አንድ ጋራዥ አሳድሬያት ጠዋት ኮምፕሬሽን (የሲሊንደሮቹን የጭመቃ ግፊት) ለካና "ሞተሩ ጤነኛ ነው፣ ፖምፓው ይውረድ" አለኝ፣ ናፍጣ የሚገፋውን ማለቱ ነው። ሌላው ደግሞ ጭሱን ብቻ አይቶ "ሞተሩ ይውረድ" አለ። ሁለቱም ብር ነው፣ ሁለቱም መኪናዋን ያስቆሟታል። ውሃ አትጠጣም። ዘይት ትንሽ ትቀንሳለች፣ እሱ ግን የድሮ ጠባይዋ ነው። ከመክፈሌ በፊት እኔ ራሴ ምን ላጣራ? መፍቻ መያዝ አያስፈራኝም።

ፈጣን ነዳጅ

ፖምፓ ነው ወንድሜ። የኔም እንደዚህ ስታደርግ ፖምፓ ተሰርቶላት ነው የዳነችው። ናፍጣ ሲሞቅ ይቀጥናል፣ ፖምፓው ካረጀ ውስጥ ለውስጥ ያፈስና ግፊት ያጣል። ጠዋት ደህና ሆና ስትሞቅ የምትበላሸው ለዚህ ነው። አትልፋ፣ አውርደው።

አሮጌ መፍቻ

ፈጣን ነዳጅ ያለው ውሸት አይደለም፣ ያረጀ ፖምፓ ሲሞቅ ይደክማል። ግን ሲደክም ለአራቱም ነው። ዶልፊን ላይ ያለው ፖምፓ ናፍጣውን የሚገፋው ፕለንጀሩ አንድ ነው፣ ያው አንዱ እየዞረ ለአራቱም ሲሊንደር ያከፋፍላል። እሱ ሲበላ መኪናዋ ሞቃ ከጠፋች በኋላ መልሶ ማስነሳት ያስቸግራል፣ ጉልበቷም በአጠቃላይ ይወርዳል። ያንተ ግን ከገለጻህ ስነሳ አንድ ሲሊንደር ለይታ ነው የምትጥለው።

ስማኝ ልጄ። ናፍጣ ሞተር ላይ እሳት የሚሰጥ ካንዴላ የለም። ፒስተኑ አየሩን ጨምቆ ያግለዋል፣ ናፍጣው የጋለው አየር ላይ ሲረጭ በራሱ ይነዳል። ስለዚህ አንድ ሲሊንደር ሥራ ካቆመ ወይ ናፍጣ አልደረሰውም፣ ወይ ደርሶት አየሩ አልጋለም። ሰዓቱን ስቶ መርጨትም አለ፣ ግን ታይሚንግ ሲዛባ ሁሉም ሲሊንደር ነው የሚረበሸው። አሁን ጭስህን ተመልከት። ነጣ ያለ ነው፣ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። ናፍጣ ያልደረሰው ሲሊንደር ምን አግኝቶ ይጨሳል? ደርሶታል፣ አልነደደም እንጂ። ኖዝሉ አሮጌ ቢሆን ኖሮ በደንብ አልበተነውም እል ነበር። አዲስ ነው ካልክ ግን ዓይኔን ከናፍጣው ወደ ኮምፕሬሽኑ አዞራለሁ።

ጋራዡ ጠዋት ለክቶ ጤነኛ ነው ማለቱ አያስገርምም። ጠዋት እኮ ጤነኛ ናት! ማታ ማታ የሚያተኩሰውን ልጅ ጠዋት ዳብሶ ደህና ነው እንደማለት ነው።

ከሁሉ በፊት የትኛው ሲሊንደር እንደሆነ እወቅ። አሰላ ደርሳ እየተንቀጠቀጠች፣ ሞተሩን ሳታጠፋ፣ ወደ ኖዝሎቹ የሚሄዱትን የብረት ቱቦዎች ዳዶ በ17 መፍቻ አንድ በአንድ ግማሽ ዙር ፍታ፣ ድምፁን ስማ፣ መልሰህ እሰር። የሚሰራው ሲሊንደር ሲፈታ ሞተሩ ይባስ ይናወጣል። የሞተው ሲፈታ ድምፁ አይለወጥም፣ ጭሱ ብቻ ይቀንሳል። ጨርቅ ደርብበት፣ ዓይንህን ጠብቅ፣ ጣትህን ደግሞ ፊት ለፊቱ አታድርግ። ግፊት ያለው ናፍጣ ቆዳ በስቶ ሥጋ ውስጥ ይገባል፣ ቁስሉ ከላይ ሲታይ የመርፌ ቀዳዳ ቢያክልም እጅ እስከማስቆረጥ የሚደርስ ጉዳት ነው። ይህን የምታነቡ ኮመን ሬል የሚባለው አዲሱ ዓይነት ናፍጣ ሞተር ያላችሁ፣ እነ 2ኬዲና 1ኬዲ፣ እናንተ በፍጹም እንዳትሞክሩት። እዚያ ግፊቱ ከ1,000 ባር በላይ ይሄዳል።

ጭስ ማውጫው ቅርንጫፎች ላይ ውሃ እያንጠባጠቡ ቀዝቃዛውን መለየት የሚባል ዘዴም አለ። ጠዋት ገና ስትነሳ ሚስ ለምታደርግ (ሲሊንደር ለምትጥል) መኪና ጥሩ ነው። ያንተ ላይ ግን ዳገት ወጥታ ሁሉም ቅርንጫፍ ስለጋለ ብዙ አያሳይህም።

የሞተውን ሲሊንደር ካወቅህ በኋላ ኖዝሉን ከጎረቤቱ ጋር ቀያይር። በሽታው ከኖዝሉ ጋር ከሄደ ኖዝሉ ነው። እዚያው ከቀረ ኖዝል መግዛት አቁም። ከኖዝሉ ሥር ያለውን ዋሸር ግን አሮጌውን መልሰህ እንዳታስገባ። በሱ በኩል ካፈሰ ሌላ በሽታ ጨመርክ ማለት ነው።

ጥርጣሬዬን ልንገርህ። ጭስ ማውጫ ቫልቭ ነው። የዚህ ሞተር ካምሻፍት ቫልቮቹን ከላይ በቀጥታ ነው የሚጫናቸው፣ መሀል ላይ ሺም የምትባል ክብ ብረት አለች። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲለካ በካሙና በሺሟ መካከል ለመግቢያው ቫልቭ ከ0.20 እስከ 0.30፣ ለጭስ ማውጫው ከ0.40 እስከ 0.50 ሚሊሜትር ክፍተት መኖር አለበት። ብዙ ሰው ሞተር ሲያረጅ ክፍተቱ የሚሰፋ ይመስለዋል። እዚህ ግን ቫልቩ በሙቀትና በምት ብዛት መቀመጫው ውስጥ እየሰመጠ ይሄዳል፣ ታች ሲሰምጥ ጭራው ወደ ላይ ይገፋል፣ ክፍተቱን ይበላዋል። ድምፅ የለውም። እንዲያውም የቫልቭ ትክትክታ ስለሚጠፋ ሹፌሩ ደስ ይለዋል። አንድ ቀን ዳገት ላይ ቫልቩ ግሎ ሲረዝም የቀረችው ክፍተትም ታልቃለች፣ ቫልቩ ሙሉ በሙሉ ሳይዘጋ ይቀራል፣ ኮምፕሬሽኑ በማርሚታ (በጭስ ማውጫው ቱቦ) በኩል ያመልጣል። ነዳጅ ስትረግጥ የምትስተካከለው ሞተሩ ሲፈጥን አየሩ ለማምለጫ ጊዜ ስለሚያጥረው ነው። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ቫልቩ ይቀዘቅዛል።

ይሄ ገና ጥርጣሬ ነው። መፍቻህን ይዘህ አሰላ ሂድና የሆነውን ጻፍልን።

ሐይቅ ዳር (ሀዋሳ)

የጋሼን ነገር አልቃወምም፣ ግን ብር የማያስወጣውን አስቀድም። በፊልትሮውና በፖምፓው መካከል ያለውን ላስቲክ አውልቀህ ለጊዜው ውስጡ የሚታይ ቱቦ ግባበት። አረፋ እያለፈ ከሆነ አየር እየሳበች ነው። የፊልትሮውን ሥር ፈታ አድርገህ ውሃ መኖሩንም እይ፣ ነዳጅ ሲጠፋ ከጄሪካን የተገዛ ናፍጣ ገብቶባት ከሆነ በተለይ። ግን አንድ ነገር አስተውል። አየር ሲሆን ሚሱ ቦታ ይቀያይራል፣ አንዴ አንዱን አንዴ ሌላውን ይጥላል። ሁልጊዜ ያው ሲሊንደር ከሆነ አየር አይደለም።

እኔ የምነዳው አይሱዙ ኤንፒአር ነው፣ 4ኤችጂ1። ከሀዋሳ ሞጆ ስመላለስ ተመሳሳይ ነገር ገጥሞኝ ቫልቭ ነበር የሆነው። የኛ ላይ ቀላል ነው፣ ሮከሩ ላይ ያለውን ብሎን አላልቶ ማስተካከል ነው፣ ለሁለቱም ቫልቮች 0.40 ሚሊሜትር፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ። ደግሞ ፈጣን ነዳጅ ላለው፣ የኛ ፖምፓ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ ፕለንጀር ስላለው አንድ ሲሊንደር ብቻ በፖምፓ ምክንያት ሊሞት ይችላል። ዶልፊን ላይ ያንን በቀጥታ መገልበጥ አይቻልም።

ጠዋት ጠዋት

ይቅርታ በመሀል ልግባ። የኔ ተቃራኒው ነው። ሃይሉክስ ነች፣ 3ኤል። ጠዋት ስትነሳ አስር ደቂቃ ያህል ትንቀጠቀጣለች፣ ነጭ ጭስ ታጨሳለች፣ ከዚያ ሰላም ትሆናለች። እሱም ቫልቭ ነው?

አሮጌ መፍቻ

ያንተ መጀመሪያ የማሞቂያ ካንዴላዎቹን (ስትነሳ ሲሊንደሩን የሚያሞቁትን) ነው የሚመለከተው። የሚያገናኛቸውን ብረት አንሳና አንድ በአንድ በኦም መለኪያ ለካቸው። ደህና ካንዴላ ወደ ዜሮ የተጠጋ ነው የሚያነበው፣ የተቃጠለው ምንም አያነብም። ሁሉም ደህና ከሆኑ ያኔ የፒስተን ሪንግ (ፒስተኑ ዙሪያ ያለውን አየር የሚይዝ ቀለበት) ጠርጥር። ሪንግ ያረጀበት ሲሊንደር ቀዝቃዛ ሆኖ አየሩን አግሎ አይጨርስም፣ ሲሞቅ ግን ይደርስበታል። የዘይት ማስገቢያውን ክዳን ሚኒሞ ላይ ከፍተህ እየነፋ ከሆነ ነገሩ ሪንግ ነው። ከዚህ በላይ ለብቻው ክር ክፈትና እንነጋገር፣ የዚህን ልጅ ጥያቄ አናበላሽበት።

ዴራ መስመር

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። እንዳሉት አደረግኩ። አሰላ መናኸሪያ ውስጥ ሞተሩን ከፍቼ ዳዶ ስፈታ ተሳፋሪው ከቦኝ "አለቀላት?" ይለኛል፣ ረዳቴ ደግሞ "የኮምፒውተር ምርመራ ነው" እያለ ያረጋጋቸዋል።

የ1ኛው ሲፈታ ልትጠፋ ደረሰች። 2ኛውና 4ኛውም እንደዚያው። 3ኛው ሲፈታ ምንም! ጭሱ ግን ወዲያው ሳሳ። ኖዝሎቹን አዳማ ተመልሼ 3ኛውን ከ4ኛው ጋር ቀያየርኩ፣ ዋሸሮቹን በአዲስ አድርጌ። በሚቀጥለው ምልልስ ያው 3ኛው ነው የሞተው። የሚታይ ቱቦም አስገብቼ ነበር፣ አረፋ የለም። ፊልትሮውም ውሃ አልያዘም።

ፈጣን ነዳጅ

ቆይ ግን፣ ፖምፓ ገና ነፃ አልወጣም። ፕለንጀሩ አንድ ነው የተባለው ልክ ነው፣ ግን ፖምፓው ላይ እያንዳንዱ ቱቦ የሚወጣበት ቦታ የየራሱ ትንሽ መውጫ ቫልቭ አለው። የ3ኛው መውጫ ቫልቭ ቆሻሻ ይዛ ከሆነ ወይም ስፕሪንጓ ከተሰበረ፣ ኖዝል ብትቀያይር በሽታው 3ኛው ላይ ይቀራል። አይደለም እንዴ?

አሮጌ መፍቻ

ነው። ጥሩ ነጥብ ነው። ስለዚህ አሁን የሚፈርደው ኮምፕሬሽን ብቻ ነው። 3ኛው በሙቅ ሲለካ እንደ ጓደኞቹ ከሆነ የፈጣን ነዳጅ መውጫ ቫልቭ ትፈተሽ። ከጓደኞቹ ወርዶ ከተገኘ ፖምፓውን ማንም አይንካው። በሙቅ ነው ያልኩት፣ በሙቅ!

ቶርኖ ጎረቤት (አዳማ)

ስለ መለካቱ ልጨምር፣ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው።

የቤንዚን መለኪያ እንዳትዋስ፣ የናፍጣን ግፊት አይችለውም፣ ቢችልም በላስቲክ ተጭኖ የሚያዝ ስለሆነ ይወረወራል። የናፍጣው መለኪያ በማሞቂያ ካንዴላው ቀዳዳ ታስሮ ነው የሚገባው። አራቱንም ካንዴላ አውጣ፣ አንዱን ብቻ አውጥተህ አትለካ። ፖምፓው ላይ ናፍጣ የሚዘጋውን ገመድ ንቀል፣ አለበለዚያ ናፍጣ እየረጨ ይነድብሃል። ባትሪው ሙሉ ይሁን፣ ሞተሪኖው (ማስነሻው) ሞተሩን በደቂቃ 250 ዙር ገደማ ማዞር አለበት። ባትሪ ደክሞ የተለካ ኮምፕሬሽን ወረቀት ላይ ባይጻፍ ይሻላል።

ቁጥሩን ስታነብ ደግሞ የት ሆነህ እንደለካህ አትርሳ። የቶዮታ መጽሐፍ ለዚህ ሞተር ደህናው 32 ኪሎ፣ የመጨረሻው ዝቅተኛ 20 ኪሎ፣ በሲሊንደሮች መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ ከ5 ኪሎ እንዳይበልጥ ይላል፣ ኪሎ ስል በካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። ያ ግን የባሕር ወለል አየር ነው። አዳማ ከ1,600 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ በ18 በመቶ ገደማ ይሳሳል። ስለዚህ 32 የሚለው እዚህ ወደ 26 ይወርዳል። አሰላ ከ2,400 ሜትር በላይ ስለሆነች 24 ብታገኝ ሞተርህ አዲስ ነው ማለት ነው። ጅቡቲ ወደብ ላይ የተለካን ቁጥር ይዞ መጥቶ እዚህ ሰው "ኮምፕሬሽኑ አልቋል" ብሎ ሞተር ሲያስወርድ አይቻለሁ። በየትም ከፍታ የማይዋሸው ልዩነቱ ነው። ሦስቱ ተቀራርበው አንዱ ርቆ ከቀረ በሽታው እዚያ ነው።

ሌላ፣ በቤንዚን ሞተር እንደሚደረገው ዘይት አፍስሰህ መልሰህ አትለካ። ናፍጣ ሞተር ላይ ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ የሚቀረው ቦታ በጣም ትንሽ ነው፣ ዘይቱ ራሱ ቦታውን ይሞላና ቁጥሩን ያወጣዋል፣ ሪንግ ነው ብለህ ትሳሳታለህ። ከዚያ ይልቅ አየር ንፋበት። ከጎሚስታ ቤት መጭመቂያ ሊሆን ይችላል። ውስጡ የተቦረቦረ አሮጌ ካንዴላ ላይ የጎማ አፍ በዩልኝ ካልክ ቶርኖ ቤት ወዲያው ይሠሩልሃል። የ3ኛውን ፒስተን ሁለቱም ቫልቭ ተዘግቶ ጫፍ ላይ አቁመው፣ ማርሽ አስገባ፣ ፍሬን ያዝ፣ አለበለዚያ አየሩ ሞተሩን ያዞረዋል። ከዚያ ስማ። በማርሚታ ከነፋ ጭስ ማውጫ ቫልቭ፣ በአየር ማጣሪያው ከነፋ መግቢያ ቫልቭ፣ በዘይት ማስገቢያ ከነፋ ሪንግ ወይም ፒስተን፣ ራዲያተር ውስጥ አረፋ ከፈላ ጓርኒሲዮን (ከቴስታታው ሥር ያለው ማሸጊያ) ወይም የተሰነጠቀ ቴስታታ (ቫልቮቹን የያዘው የሞተሩ ራስ) ነው። በጎረቤቱ ሲሊንደር ካንዴላ ቀዳዳ ከነፋ በሁለቱ መሀል ያለው ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል፣ ግን ያኔ ሁለቱም አብረው ነው የሚወርዱት፣ አንዱ ብቻ አይደለም።

አየር በየትም ካልነፋና ኮምፕሬሽኑ ግን ዝቅ ካለ አስቸጋሪው ጉዳይ ነው፣ ቢየላው (ፒስተኑን የያዘው ዘንግ) ታጥፏል። ክረምት ላይ ጎርፍ ውስጥ ገብታ ውሃ የጠጣች መኪና ላይ ይገኛል። አንድ ሚሊሜትር ቀላል እንዳይመስልህ። የ5ኤል ፒስተን 96 ሚሊሜትር ይጓዛል፣ ጭመቃው 22 ለ 1 ገደማ ነው፣ ቢየላው በ1 ሚሊሜትር ብቻ ቢያጥር ወደ 18 ይወርዳል። ሞተሩ አይንኳኳም፣ ዘይት አይበላም፣ ግን አንዱ ሲሊንደር ጠዋት አይነሳም።

ሐይቅ ዳር (ሀዋሳ)

የመጨረሻዋን አላውቃትም ነበር። ለካምሻፍትስ? ካሙ ሲበላስ?

ቶርኖ ጎረቤት (አዳማ)

እሱም አየር ሲነፋ አይታይም፣ ቫልቮቹ በደንብ ስለሚዘጉ። ቫልቩ በበቂ ስለማይከፈት ነው ሲሊንደሩ የሚታፈነው። የቫልቭ ክዳኑን ከፍተህ ሞተሩን በእጅ እያዞርክ የካሞቹን ከፍታ ማወዳደር ነው። ግን ይሄ ሲሞቅ ብቻ የሚመጣ አይደለም፣ ጠዋትም ማታም ያው ነው።

ዴራ መስመር

ተመለስኩ። መለኪያውን ተውሼ አሰላ ድረስ ይዤው ሄድኩ፣ ተሳፋሪ አውርጄ ሳይቀዘቅዝ ለካን። ካንዴላ ሲወጣ እጅ ያቃጥላል፣ ጓንት ያዙ።

1ኛ 22፣ 2ኛ 22፣ 3ኛ 12፣ 4ኛ 21።

ጋራዡ ጠዋት አዳማ ላይ ለክቶ የጻፈልኝ ወረቀት አለ፣ 23፣ 24፣ 21፣ 23 ይላል። ስለዚህ ሰውዬው አልዋሸኝም፣ የለካው ግን ያልታመመችውን መኪና ነው። እሱም ቢሆን 3ኛው ያኔም ከሁሉም ያነሰ ነበር፣ ማንም ልብ አላለውም።

አየሩንም አዳማ ላይ ጎሚስታ ቤት አስነፋሁት፣ ሞቅ እንዳለች። በማርሚታ በኩል ሽሽሽ ይላል፣ ጆሮ ማስጠጋት አያስፈልግም። ሌላ ቦታ የለም፣ ራዲያተሩም ዝም።

በማግስቱ ቀዝቅዛ ሳለች የቫልቭ ክዳኑን ከፈትን። የመግቢያ ቫልቮቹ ሁሉም 0.25 አካባቢ ናቸው። ጭስ ማውጫዎቹ፦ 1ኛው 0.20፣ 2ኛው 0.15፣ 4ኛው 0.25። የ3ኛው ላይ 0.05 ቅጠል (ክፍተት የሚለካበት ስስ ብረት) አልገባም። አልገባም ስል ጫፉም አልገባ! ጋሼ እንዳሉት ነው። ሺም ልቀይር ነው፣ ስሌቱን ግን መካኒኬ በግምት ነው የሚሠራው፣ እርስዎ እንዴት ነው የሚያሰሉት?

አሮጌ መፍቻ

ሁሉም እየሰመጡ ነው፣ 3ኛው ቀደም ብሎ ደረሰ። ስለዚህ አራቱንም የጭስ ማውጫ ሺም ነው የምትቀይረው፣ 3ኛውን ብቻ ሠርተህ ክዳኑን እንዳትዘጋ።

ስሌቱ ቀላል ነው። አሮጌዋን ሺም አውጥተህ በማይክሮሜትር ለካ፣ የለካኸውን ክፍተት ጨምር፣ 0.45 ቀንስ። የሚመጣው የአዲሷ ውፍረት ነው። ለመግቢያ ቢሆን 0.25 ነው የምትቀንሰው። ለምሳሌ የ2ኛው ሺም 2.90 ቢሆን፣ 2.90 ሲደመር 0.15 ሲቀነስ 0.45፣ 2.60 ፈልግ። የ3ኛው ግን በዚህ አይሰላም። ቅጠል ካልገባ ክፍተቱ ዜሮ ይሁን ከዜሮ በታች አታውቅም፣ ቫልቩ ተንጠልጥሎ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ በጣም ቀጭን ሺም አስገባ፣ ክፍተቱን በሷ ለካ፣ ከዚያ ስሌቱን ሥራ።

ሺም ስትቀይር የሚጫነውን መሣሪያ ተዋስ። በሁለት ካቻቪቴ ከታገልክ ካሙን ትቧጭረዋለህ። ከጨረስክ በኋላ ሞተሩን በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር አዙርና እንደገና ለካ።

ዴራ መስመር

ተሠራ። አራቱም ጭስ ማውጫ ከ0.42 እስከ 0.47 ገብተዋል። አሰላ ወጥቼ በሙቅ መልሼ ለካሁ፣ 3ኛው 18 ሆነ፣ ሌሎቹ 22 ናቸው። መንቀጥቀጡ የለም፣ ጭሱም የለም፣ ዳገቱን በሦስተኛ ማርሽ ወጣችው። ብቻ ሚኒሞ ላይ በደንብ ካዳመጥኳት በማርሚታው በኩል ትንሽ ፑፍ የምትል አለች። 4 ኪሎ ልዩነት ከ5 በታች ነው፣ ልተዋት?

አሮጌ መፍቻ

እንድትሠራ ተዋት፣ ግን አትርሳት። አሰላ ላይ 5 ኪሎ የሚባለውም ከአየሩ ጋር አብሮ ይወርዳል፣ ስለዚህ ጠርዝ ላይ ነህ። ያ ቫልቭ ሳይዘጋ ስንት ዳገት እንደወጣ አናውቅም። ቫልቭ ሙቀቱን የሚያራግፈው መቀመጫው ላይ ሲያርፍ ነው፣ ካላረፈ ጠርዙ ይቃጠላል፣ የምትሰማት ፑፍ እሷ ናት። ጠርዙ አንዴ ከተቃጠለ በሺም አይመለስም። ጊዜ ስታገኝ ቴስታታው ይውረድ፣ በችኮላ ሳይሆን አስበህበት። እስከዚያ ክፍተቱን ከጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር በኋላ መልሰህ ለካ፣ 3ኛው ቶሎ ከቀነሰ ቀኑን አሳጥረው።

ሲወርድ ሁለት ነገር አሳስብ። በቫልቮቹ መሀል ስንጥቅ መኖሩን በግፊት ይመርምሩት፣ እነዚህ ቴስታታዎች እዚያ ላይ መሰንጠቅ ይወዳሉ። ሁለተኛ፣ ቶርኖ ቤት የቫልቭ መቀመጫውን አብዝቶ እንዳይበላው። መቀመጫው በተበላ ቁጥር ቫልቩ ይበልጥ ይሰምጣል፣ ጭራው ይበልጥ ይወጣል፣ የሚበቃ ቀጭን ሺም ታጣለህ። መቀመጫው ካለቀ አውጥቶ አዲስ መግጠም ነው።

ሐይቅ ዳር (ሀዋሳ)

ሺሙን ከየት አገኘኸው? እዚህ ሀዋሳ ያለ ጓደኛዬ ለ5ኤሉ ፈልጎ አጥቷል።

ዴራ መስመር

ሁለቱን አዲስ አገኘሁ። ሁለቱን አሮጌ ቴስታታ ፈትተው ከሚሸጡ ልጆች ነው፣ ማይክሮሜትር ይዤ ሄጄ ከአንድ ጣሳ ሙሉ ውስጥ እየለካሁ መረጥኩ። ልጆቹ መጀመሪያ ስቀውብኝ ነበር፣ በኋላ እነሱም እየለኩ አገዙኝ። ለጓደኛህ ውፍረቱን ላክልኝ፣ ሳልፍ አይለታለሁ። ቶርኖ ቤት አሳስቶ መጠቀም ይቻላል የሚሉም አሉ።

ቶርኖ ጎረቤት (አዳማ)

ይቻላል፣ ካጣህ ብቻ። ፊቷ ጠንካራ ተደርጎ የተሠራ ነው፣ እሱን ካነሳኸው ካሙ ይበላታል። በድንጋይ መሳያ እንጂ በመቁረጫ አይነካም፣ ሲሳልም አንድ ፊቷ ብቻ ይሳል። ስትገጥማት የተሳለው ፊት ወደ ታች፣ ካሙ የሚነካው የፋብሪካው ፊት ይሁን። ሁለቱንም ፊት ስለው የሚሰጡ ካሉ አትቀበላቸው።